ከሁለት ልሳን መካከል የሚገኝ ዕውቀት

በትርጓሜ ቤት ጉባኤ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ መምህሩ አስቀድሞ የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ ቀጥሎ ያንኑ ንባብ በአማርኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ቃሉ ከተሸከመው ምስጢር አንዱን ወገን ገልጦ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። ደቀ መዝሙሩ ግስና አገባብን ከቅኔ ቤት ይዞ የመጣ ቢሆንም፣ የልሳኑን ጠባይ በእውነት የሚያውቀው ንባቡና ትርጓሜው ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ አንዱ የሸሸገውን ሌላው ሲገልጠው፣ አንዱ በጥቅሉ የተናገረውን ሌላው ለይቶ ሲናገረው በመስማት ነው። ሥርዐቱ በአገራችን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የኖረ ስለ ሆነ እንደ ተራ ነገር እንቈጥረዋለን እንጂ፣ በውስጡ የተሰወረው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ይኸውም ትርጉም ከልሳን ተለይቶ የሚኖር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይጐድል የሚሻገር ነገር ነውን? ወይስ እያንዳንዱ ልሳን ምስጢሩን በራሱ ሥጋ አልብሶ የሚወልድ ስለ ሆነ፣ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው አምሳሉ እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም?

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ኮምፒዩተርን ቋንቋ ለማስተማር ከሚደክሙ ሰዎች ዘንድ ደርሷል። ኮምፒዩተር የአንድን ቋንቋ ሰዋስው እንዲያውቅ ሲፈለግ፣ የቀደመው ልማድ ሰው ተቀምጦ በእያንዳንዱ ቃል ራስ ላይ ምልክት እንዲያኖርለት ማድረግ ነበር፤ ይህ ስም ነው፣ ይህ ግስ ነው፣ ይህ መስተዋድድ ነው፣ ይህ ቅጽል ነው እያለ። ለአማርኛ ይህን ሥራ የሠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ማዕከል ነው፤ ዋልታ ከተባለው የዜና ድርጅት የተገኙ 1065 ዜናዎች፣ በድምሩ 210 ሺህ ያህል ቃላት፣ በሰው እጅ አንድ በአንድ ምልክት ተሰጥቷቸው፣ ስለ ሥራውና ስላጋጠመው ችግር የሚናገረው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። የዐረፍተ ነገሩን አገባብ፣ ማለት የትኛው ቃል በየትኛው ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ በሙሉ የሚያሳየው ስብስብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ ሲወጣ የያዘው 1074 ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲ፣ ማተሚያ ቤት፣ ጋዜጣና የመንግሥት መዝገብ ያለው አማርኛ በብዙ ድካም ያገኘው ይህን ያህል ከሆነ፣ ከነዚህ ሁሉ ጥቂቱን ብቻ ያየው ጉሙዝኛ፣ በርታኛ ወይም ኮሞኛ በዚሁ መንገድ እሄዳለሁ ቢል መቼ ይደርሳል?

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤም ተመራማሪዎች የካናዳን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ወሰዱ፤ የካናዳ ሕግ አንድ ንግግር በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም እንዲታተም ስለሚያዝ፣ ማንም ለእነርሱ ብሎ ያላዘጋጀው ትልቅ ትይዩ ጽሑፍ እጃቸው ገባ። ለማሽኑ ሰዋስው አላስተማሩትም፤ መዝገበ ቃላትም አልሰጡትም፤ በዚህ ወገን ይህ ቃል በታየ ጊዜ ሁሉ በዚያኛው ወገን የትኛው ቃል አዘውትሮ እንደሚታይ እንዲቈጥር ብቻ አደረጉት። ከመቍጠር ብዛት የተነሣ የትኛው ቃል የየትኛው ጓደኛ እንደ ሆነ ማሽኑ መገመት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዳጋን፣ ኢታይና ሽዎል የተባሉ ሦስት ሰዎች ሁለት ልሳን ከአንዱ ይልቅ ብዙ ነገር እንደሚያሳውቅ የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ያሮውስኪና ንጋይ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ደረጃ አለፉ፤ ይኸውም በአንዱ ቋንቋ ላይ አስቀድሞ የተሰጠውን ምልክት በቃላቱ ጓደኝነት በኩል ወደ ሌላው ቋንቋ ማሻገር ነው። በእንግሊዝኛው ወገን «ግስ» የተባለ ቃል በፈረንሳይኛው ወገን ጓደኛ ካለው፣ ያ ጓደኛ እርሱም ግስ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ግምቱ በብዙ ቦታ ይስታል፤ ነገር ግን ስሕተቱ በብዙ ሺህ ዐረፍተ ነገር መካከል ሲበጠር ትክክለኛው እየጐላ ይሄዳል።

ለእኛ ሰው ግን ከካናዳ ምክር ቤት ይልቅ የራሳችን ምሳሌ ይቀርባል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይጽፍ፣ «አለ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ይሆናል። አማርኛን ብቻ የሚያነብ ማሽን ይህን ለመለየት ወይ ሰው ምልክት እንዲያኖርለት ያስፈልገዋል፣ ወይም በዙሪያው ካሉት ቃላት ይገምታል። አጠገቡ ግዕዙ ቆሞ እንደ ሆነ ግን፣ በአንደኛው ስፍራ «ይቤ»፣ በሁለተኛው «ሀሎ» ይላልና፣ ማንም ሳይነግረው ይለያል። እንደዚሁም ግዕዙ አንድ ቃል ብሎ የሚያልፈውን አማርኛው በሁለት ይከፍለዋልና ብርሃኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ በቁምራን ዋሻ የተገኙትን የአራማይስጥ ቍርጥራጮች ሚሊክ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያሳትም፣ የተቀዳደደውን ብራና ከየት ስፍራ እንደ ሆነ ለማወቅና የጐደለውን ለመገመት የረዳው ከብዙ ዘመን በኋላ በአፍሪካ ምድር የተተረጐመው የግዕዙ ቃል ነበር። ትርጉሙ የምንጩ መምህር ሆነ ማለት ነው። የኢዛና ሐውልትም በ4ኛው መቶ ዓመት አንዱን ነገር በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በጽርእ ጽፎ ሲቆም፣ ለሚመጣው ተመራማሪ ምንም ሳያስብ ትይዩ ጽሑፍ አቆየለት።

አሁን ግን «ያለ ሰው ምልክት» ወይም «በጥቂት ምልክት» የሚለውን አነጋገር ጠጋ ብሎ መመርመር ይገባል፤ እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ አነጋገር ውስጥ የተሰወረ የሌላ ሰው ድካም አለና። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንደ ተዘጋጀ እናስታውስ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ አቡ ሩሚ የተባለው የጎጃም ሰው በካይሮ ከፈረንሳይ ቆንስል ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር ተቀመጠ፤ ቆንስሉ ስለዚህ ሥራ በጻፈው ቃል እንደ ተገለጠው፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር የዐረብኛውን ንባብ ቍጥር በቍጥር በዝግታ ያነብ፣ የከበደው ቃል ሲያጋጥም በዕብራይስጡ፣ በሱርስቱ ወይም በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ይፈታለት ነበር፤ በመጨረሻም 9539 ገጽ ጽሑፍ ተፈጸመ። ጆዌት የተባለው መልእክተኛ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ከዚያ ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እንግዲህ ዛሬ ማሽን አማርኛንና እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲማር፣ በእያንዳንዱ ቍጥር አቡ ሩሚና ከእርሱ በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች የሰጡትን ፍርድ ይወስዳል፤ ይህ ቃል ከዚያ ቃል ጋር ይመዛዘናል፣ ይህ ግን አይመዛዘንም የሚለውን ፍርድ። ምልክት የሚያኖረው ሰው ከወንበሩ ተነሣ የሚባለው የተርጓሚው ወንበር ስላልታየ ነው። ስሙ በምልክት ሰጪነት አልተመዘገበም፤ ደመወዙም ከዚህ ሒሳብ አልተቈጠረም።

ይህን ይዘን ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከተማ ወደ አሶሳ እንሂድ። በገበያ ቀን በአሶሳ ገበያ አንድ ማዕዘን የቆመ ሰው በርታኛን፣ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና የሱዳኑን ዐረብኛ በአንድ ትንፋሽ ይሰማል፤ ማንጎ ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት ዋጋውን በአንዱ ልሳን ጠርታ፣ በሁለተኛው ተከራክራ፣ ለጎረቤቷ በሦስተኛው ትስቃለች። የክልሉ ሕገ መንግሥት ነባር ብሎ የሚጠራቸው አምስት ሕዝቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የክልሉ ሕዝብ 784 ሺህ ያህል ሆኖ፣ ከሩብ በጥቂት የሚበልጡት በርታ፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ ጉሙዝ ነበሩ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። የእነዚህ ልሳናት ዝምድና ደግሞ ከአማርኛ እጅግ የራቀ ነው፤ ሽናሽኛና ማኦኛ በኦሞአዊ ወገን ሲቈጠሩ፣ በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ኮሞኛ ሊቃውንቱ ዛሬም እየተከራከሩበት ዓባይ ሰሐራዊ ከሚባለው ወገን ይመደባሉ። ግዕዝና አማርኛ እንደ እናትና ልጅ ባይሆኑም ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፣ አንዱን በሌላው መፍታት በአንድ ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል እንደ መሄድ ነው፤ ከአማርኛ ወደ ጉሙዝኛ ግን የሚኬደው በደጅ ወጥቶ ወንዝ ተሻግሮ ነው።

ምን ተሠርቶላቸዋል? ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ በላቲን ፊደል ተጽፈው በታችኛው ክፍል የትምህርት ቋንቋ ሆነዋል። የበርታኛ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ኮሊን አህላንድ የሰሜኑንና የደቡቡን ጉሙዝኛ ሰዋስው፣ ማይክል አህላንድም የሰሜኑን ማኦኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጽፈው አቅርበዋል። ሐዲስ ኪዳን በጉሙዝኛ ታትሟል። ከዚህ ወዲያ ባለው በማሽኑ ዓለም ግን ስማቸው እምብዛም አይነሣም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰሎሞን ተፈራ፣ ሚካኤል መለሰና ማርታ ይፍሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ትይዩ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝ፣ ኦሮምኛና ወላይትኛ ተካተቱ፤ በ2022 ሜታ የተባለው ኩባንያ 200 ቋንቋዎችን ያስተረጕማል ያለውን ሥራ ሲያወጣ፣ ከኢትዮጵያ ዓባይ ሰሐራዊ ልሳናት ኑዌርኛ ገብቶ፣ ከቤኒሻንጉል አምስቱ አንዳቸውም አልገቡም። ይህን የምናገረው ለመክሰስ አይደለም፤ የተገኘውን ይዞ መሥራት የሥራ ሕግ ነውና።

እንግዲህ ከተገኘው ምን ይሠራል? የጉሙዝኛው ሐዲስ ኪዳን አለ፤ የአማርኛው ሐዲስ ኪዳን አለ፤ ምዕራፍና ቍጥሩ አንድ ነው። ማሽኑ ቃላቱን ያጋባል፤ የአማርኛውን ስምና ግስ ወደ ጉሙዝኛው ያሻግራል። አጊች የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ክፍል በቀር ምንም ለሌላቸው ልሳናት እንደዚህ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ይልቁንም አንድ ምንጭ ብቻ ከመከተል ይልቅ የብዙ ልሳናትን ድምፅ ሰብስቦ የሚስማሙበትን መያዝ እንደሚሻል ገልጠዋል፤ ነገሩም ሁሉ በሁለትና በሦስት ምስክር አፍ ይጸና ዘንድ በኦሪት ከታዘዘው ጋር በአጋጣሚ ይገጥማል። ለበርታኛ ይህ ትልቅ ተስፋ አለው፤ በርታ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖር ሕዝብ ስለ ሆነ፣ በዚህ በኩል አማርኛ፣ በዚያ በኩል ዐረብኛ ሊመሰክሩለት ይችላሉና።

ይሁን እንጂ የማይሻገር ነገር አለ። በጉሙዝኛ ውስጥ የአካል ክፍል ስሞች ከግሱ ጋር እየተጣመሩ፣ ድርጊቱ የሚደርስበት ነገር ምን ዐይነትና ምን ቅርጽ እንዳለው እንደሚጠቍሙ ኮሊን አህላንድ አስረድተዋል። ለጉሙዝ ተናጋሪ ይህ ነገር ዓለምን የሚከፍልበት ሥርዐት ነው፤ እህሉን ከድንጋዩ፣ ክቡን ከረጅሙ የሚለይበት ነው። አማርኛው ደግሞ በግሱ ውስጥ የተሳቢውን ጾታና ቍጥር ይሸከማል እንጂ ቅርጹን አይሸከምም። ስለዚህ የአማርኛው ምልክት ወደ ጉሙዝኛው በተሻገረ ጊዜ፣ ማሽኑ ያንን የአካል ስም ወይ ተራ ስም ነው ብሎ ይቈጥረዋል፣ ወይም ጓደኛ ያጣ ትርፍ ድምፅ ነው ብሎ ይተወዋል። የተማረው ጉሙዝኛ ከአማርኛ ጋር የሚመሳሰለውን ጉሙዝኛ ነው ማለት ነው፤ የማይመሳሰለው፣ ማለት ልሳኑን ልሳን ያደረገው ነገር፣ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ከዚህም የከፋው፣ ማሽኑ በተመሳሰለው ላይ ጥሩ ውጤት ስላስመዘገበ፣ ሥራው አለቀ ተብሎ መዝገቡ ሊዘጋ መቻሉ ነው።

በዚህ ላይ የሃይማኖት ነገር ይጨመራል። ለትንንሾቹ ልሳናት የሚገኘው ትይዩ ጽሑፍ በአብዛኛው የክርስቲያን መጽሐፍ ነው፤ ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1100 የሚበልጡ ልሳናትን ንግግር ለማሽን ሲያስተምርም የተመረኰዘው በተነበበ ሐዲስ ኪዳን ላይ ነው። በበርታ ግን ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ነው፤ በክልሉም በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ነበረ። በእስልምና ሊቃውንት ትምህርት የቁርኣን ተአምርነት በዐረብኛው ቃሉ ስለ ሆነ፣ ማንኛውም ትርጉም የሐሳቡ መግለጫ እንጂ ቁርኣን ራሱ አይባልም፤ ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ ያዘጋጁት፣ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛው ቁርኣንም የሚነበበው በዚሁ ሥርዐት ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች ፊት ለፊት ቆመዋል። የክርስትናው ወገን ቃሉ ወደ ሁሉ ልሳን ይሂድ ሲል ተርጓሚ ይልካል፤ የእስልምናው ወገን የተገለጠው ቃል በተገለጠበት ልሳን ይኑር ሲል አንባቢውን ወደ ዐረብኛ ይጠራል። እኔ የሁለተኛው ወገን አማኝ ባልሆንም፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ ከአብዛኛው የማሽን ተመራማሪ ይልቅ ጥልቅ እውነት የያዘው እርሱ ይመስለኛል፤ ቃል ከሐሳብ ተፈልቅቆ እንደሚወጣ ልብስ አይደለም የሚለውን እውነት።

የእኛም አባቶች ቢሆኑ ይህን አላጡትም። በዓለ ጰራቅሊጦስን በሚያከብር ድርሰቱ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም በዚያች ቀን ከሐዋርያት አፍ የወጣው አንድ ድምፅ ሆኖ፣ ሰሚዎቹ እያንዳንዳቸው በየልሳናቸው ሰሙትን? ወይስ ሐዋርያት ራሳቸው በየልሳኑ ተናገሩ? ነገሩ በመጀመሪያው መንገድ ከሆነ ተአምሩ የሰሚዎች ይሆናል እንጂ የተናጋሪዎች አይሆንም ብሎ፣ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። በዘመናችን አነጋገር ብንመልሰው፣ ምልክትን ከትልቅ ልሳን ወደ ትንሽ ልሳን ማሻገር የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ልሳን በጥላው ይቀበለዋል። ጎርጎርዮስ የመረጠው ግን ትንሹም ልሳን እንደ ትልቁ ራሱ የሚናገርበትን ነው። ሰናዖር የልሳን መደባለቅ፣ ጰራቅሊጦስ የልሳን መቀደስ ነው ብለን የምናስተምር ሰዎች፣ ልሳናቱን ሁሉ ወደ አንዱ መለኪያ አምጥተን ስናበቃ የጰራቅሊጦስን ሥራ ሠራን ብንል፣ መልሰን የሰናዖርን ግንብ መሥራታችንን መጠርጠር ይገባን ነበር።

የኢትዮጵያን ፍልስፍና በሰፊው ያጠኑት ክላውድ ሰምነር ደግሞ አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ከጽርእም ሆነ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሱትን ድርሳናት ሲመረምሩ፣ ለምሳሌ አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ያመጣውን መጽሐፈ ፈላስፋ፣ ኢትዮጵያዊው ተርጓሚ ቃልን በቃል ብቻ የሚመልስ ሆኖ አላገኙትም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ወደ አገሩ ልማድ ያስማማል፣ ያመጣውን ነገር የራሱ ያደርገዋል ብለዋል። ይህ ለሥነ ጽሑፍ ክብር ነው፤ ለማሽኑ ግን ጣጣ ነው፤ ጎን ለጎን ቆመዋል የተባሉት ሁለቱ ገጾች በእውነት ትይዩ አይደሉምና። እኔ ግን ከዚህ ጣጣ የምረዳው ሌላ ነገር ነው። ትርጉም አቅጣጫ አለው። ከትልቁ ወደ ትንሹ የተተረጐመ ጽሑፍ፣ ተርጓሚው ምንም ያህል ቢበረታ፣ የትልቁን አካሄድ በትንሹ እግር ያስኬዳል፤ የዐረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል፣ የሐሳቡ አያያዝ፣ የሚነሣው ነገር ሁሉ ከወዲያ የመጣ ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ በተተረጐመ ጊዜ ግን ትንሹ ልሳን እንደ ልማዱ ይናገራል፣ የሚጨነቀው ትልቁ ነው። ለማሽኑ ሁለቱም ትይዩ ጽሑፍ ናቸው፤ ለልሳኑ ግን በአንዱ ሰሚ፣ በሌላው ተናጋሪ ነው። ለቤኒሻንጉል ልሳናት እስከ ዛሬ የተሠራው ጥቂት ነገር፣ ቅዱስ መጽሐፉም የትምህርት ቤቱም መጽሐፍ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያው አቅጣጫ የተሠራ ነው።

በሁለተኛው አቅጣጫ የሚሄድ ትርጉም ግን በየቀኑ እየተሠራ ይጠፋል። ከየፍርድ ቤቱ አንዱን እናስብ። ምስክር ይጠራል፤ በርታኛ ብቻ ተናጋሪ ነው። ይምላል። ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃል፤ አስተርጓሚው ወደ በርታኛ ይመልሳል፤ ምስክሩ እንደ አገሩ አነጋገር ዙሪያውን ይዞ፣ ከዘመድ ስም ተነሥቶ፣ በየት በኩል እንደ መጣና ማንን እንዳገኘ እያስከተለ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ትንሽ ዝም ብሎ ያዳምጥና ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር አሳጥሮ ለዳኛው ያቀርባል፤ ጸሓፊው የአማርኛውን ይጽፋል። የበርታኛው ግማሽ በአዳራሹ አየር ውስጥ ቀረ። ደግሞ ነገሩ ከፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ በጤና ጣቢያው፣ በእርሻ ምክሩ፣ በሽማግሌዎች ዕርቅ፣ ሰው በራሱ ልሳን ተናግሮ ሌላው በአማርኛ በሚመልስበት ስፍራ ሁሉ፣ ማሽን ሊማርበት የሚችለው ከሁሉ የተሻለው ትይዩ ንግግር እየተሠራ ይበተናል። ከዚህ ውስጥ የፍርድ ቤቱና የሐኪም ቤቱ የሰው ምስጢር ስለ ሆነ ሊነካ አይገባውም፤ ነገር ግን ተረቱ፣ የዕርቁ ሥርዐት፣ የእርሻው፣ የቀርከሃው፣ የወርቅ ማጠቡ ነገር፣ ተናጋሪው ፈቅዶ በልሳኑ ሲናገር ተቀርጾ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ቢመለስ የሚጐዳው ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ምልክት ሰጪ ሰው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያለበት ስፍራ ይለወጣል እንጂ። አማርኛውና በርታኛው በተስማሙበት ስፍራ የማሽኑ ግምት ብቻውን ይሂድ፤ በዚያ የሰውን ዐይን ማድከም የገንዘብም የጊዜም ጥፋት ነው። ሁለቱ ባልተስማሙበት ስፍራ ግን፣ ጓደኛ ያጣው ቃል፣ በአማርኛው ወገን ስም የሌለው ምልክት፣ ማሽኑ በሁለት ሐሳብ የቆመበት ግስ ተለቅሞ ይምጣና፣ ልሳኑን ከእናቱ የተማረ መምህር ይቀመጥበት፤ አንድ መልስ ብቻ እንዲሰጥም አይገደድ፤ ነገሩ ሁለት መንገድ ካለው ሁለቱንም ይናገር። በክልሉ መምህራን ትምህርት ቤት በበርታኛና በጉሙዝኛ ለማስተማር የተመረቁ ወጣቶች አሉ፤ በአሶሳም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። ሥራው የሚጠይቀው ብዙ ሰው አይደለም፤ የሚጠይቀው ከከባዱ ስፍራ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ በገንዘብ ሰጪዎች ዘንድ የማይወደድ ነገር ነው፤ ብዙ ቃል በጥቂት ቀን ምልክት ተሰጠው የሚለው ዘገባ ጥቂት ቃል በብዙ ቀን ተመረመረ ከሚለው ይልቅ ለጆሮ ይጥማልና።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚሰበሰበው ንግግር የማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ተናጋሪው ከፈቀደ ስሙ፣ የተናገረበት ወረዳ፣ ያስተረጐመለትም ሰው ስም በመዝገቡ ራስጌ ይስፈር፤ ካልፈቀደም አለመፍቀዱ ይከበር። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ አቡ ሩሚን ለይተን የምናውቀው፣ አሠሪው የነበረው ቆንስል ማክሰኞና ቅዳሜ ከማን ጋር ይቀመጥ እንደ ነበረ ጽፎ ስለ ተወ ነው።